የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ የመደርደሪያ ዘበኛ ነውን?



አዲስ አበባ የለገዳዲን ውሃ ከቧንቧ ስትቀዳ፣ አጣርቶ የላከላትን ሠራተኛ አታስታውስም። በጤና ምርምራችንም ነገሩ ይኸው ነው። ሲስተማቲክ ሪቪው ማለት በአንድ ጥያቄ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሁሉ ፈልጎ፣ መዝኖ ፍርድ መስጠት ነው። «ሁሉ» የምትለው ቃል ይሰመርባት!

ታዲያ ፈላጊው ማን ነው? ተመራማሪው ፐብሜድን ይከፍታል፤ ሁለት ቃል ይጽፋል፤ የወጣለትን ለቅሞ «ጽሑፉን ሁሉ መርምረናል» ብሎ ይፈርማል። እስቲ ስለ ለገዳዲ ግድብ ውሃ የተጻፈውን ይፈልግ! ስሙን በላቲን ፊደል አንዱ አጣምሮ፣ ሌላው ነጥሎ፣ ሦስተኛው በቁቤ ጽፎታል። ሰበታና ቡራዩም እንዲሁ ናቸው። በየመደርደሪያችን የተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ከፐብሜድ ጭራሽ አይገኝም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው፤ እኛ ግን የምንጠራው ቁልፍ ሲጠፋ ነው!

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት የ24 ዓመት ጤነኛ ወጣት ለአስም ጥናት ብላ ሄክሳሜቶኒየም የተባለ መድኃኒት በትንፋሽ ስባ ሞተች። መድኃኒቱ ሳንባን እንደሚጎዳ በ1950ዎቹ ተጽፎ ነበር፤ የተመራማሪው ፍለጋ ግን እዚያ አልደረሰም። በ2011 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ደንብ የሪቪው ፍለጋ ሲነደፍ በሙያው ከሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋር እንዲሠራ አዘዘ።

«እሱ ሐኪም አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ሐኪሙስ መቼ የፍለጋ ባለሙያ ሆነ? «ሥልጠናውም የላቸውም» ይሉናል። እንግዲያውስ አሠልጥኗቸዋ! ጠዋት መጽሐፍ ሲያውስ፣ ማታ በር ሲዘጋ የሚውልን ሰው ሥልጠና ነፍገን በአለማወቅ መክሰስ ግፍ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ባለሙያው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ከጥናቱ ቡድን ጋር ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ ሥልጠናና ጊዜ ይሰጠው። ፍለጋውን ከነደፈና ከጻፈ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይውጣ፤ ምስጋና ብቻ አይበቃውም።

ጎዶሎ ሪቪው ውሎ አድሮ የሕክምና መመሪያ ይሆናል። ያን ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው በሰበታና በሱሉልታ ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘው በሽተኛ ነው። ያልተጣራውን ውሃ የምናጠጣው ለእርሱ ነው!