የተሰበረ ክርንና የጠበቀ እስር

ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ሲሰበር፣ በብዙ ቤት አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ስንቱን ወለምታ ያቃና ባለሙያ ነውና እኛ ሙያውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከክርን ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ሲሰበር፣ ዋናው የደም ሥርና ነርቮቹ በአጠገቡ ስለሚያልፉ ነገሩ ሌላ ነው። ያበጠው ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይታገዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎልክማን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881 እንዳስረዳው፣ ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ጣቶችም ቈልመም ብለው ይቀራሉ። ሲብስም እጁ ይቈረጣል።

ዛሬ ግን አጥንቱ ከቦታው የለቀቀ እንደ ሆነ፣ ቀዶ ሐኪሙ ልጁን አስተኝቶ፣ በራጅ እየተመለከተ አጥንቱን ይመልስና ብዙ ጊዜ ሥጋውን ሳይከፍት በቀጫጭን ሽቦ ይይዘዋል። ሽቦውም ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ይነቀላል።

እንግዲህ በየወረዳው የምትሠሩና የምትማሩ ወጣቶች፣ ይህን ለወላጅም ለወጌሻም አስረዱ፤ የልጁ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ወይም ሲዘረጉለት አብዝቶ ከጮኸ፣ እስሩ ወዲያው ይፈታ፤ ልጁም ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ነገ ብዕርና ሞፈር የሚጨብጥ እጅ፣ በአንድ ሌሊት መዘግየት መቅረት የለበትም እንላለን።