አርባው ፈረስ የት ገባ?

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ከተማ፣ አጎቱ የላከለትን አንድ ወረቀት በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ጠመዝማዛ መስመሮች ተሥለዋል፤ በግርጌው 76 የሚል ቁጥር ታትሟል። አጎትየው ያረጀች የስፖርት አውቶሞቢል ገዝቶ ኖሮ፣ አንዲት ብሎን ሳይፈታ በፊት ጉልበቷን በመሣሪያ አስለክቷል። አውቶሞቢሏ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራች ማዝዳ ሚያታ ናት። ቆጣሪዋ 180,000 ማይል፣ ማለት ወደ 290,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ፋብሪካው አዲስ ሳለች 116 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ መዝግቧታል።

ወረቀቱን ያየ ሁሉ ወዲያው ፈረደ። «ከ116 ላይ 76 ሲቀነስ 40 ነው፤ አርባ ፈረስ ሞቷል፤ ሞተሯ አልቆለታል» ተባለ። እኛም በመጀመሪያ ከፈራጆቹ ጋር ነበርን፤ አንደብቅም። ነገሩን ስንመረምረው ግን ፍርዱ የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። ይባስ ብሎም ይኸው ስሕተት በአሜሪካ ሳይሆን እዚሁ በቆሰበር የሰው ገንዘብ የሚያስከፍል መሆኑን ስለ ተረዳን ይህን ለመጻፍ ተነሣን።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ወንድም አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ቁጥርም ጽሑፍ ነው፤ ማን እንደ ጻፈው፣ የት እንደ ተጻፈ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተጻፈ ሳይጠየቅ የሚነበብ ጽሑፍ አንባቢውን ያስታል። ይህን ዘወትር በክፍል የምንማረው እኛ ነን፤ ታዲያ ቁጥር ባየን ጊዜ ለምን እንረሳዋለን?

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው መለኪያ የወጣው ስኮትላንዳዊው ሠሪ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ፈረስ ለለመዱ ገዢዎች ለማስረዳት ሲል ነው። በሜትር አቈጣጠር አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ፈረስ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ የሚታየውን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረስ የሚያውቅ አባት ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ አስኪዶ ያያል፤ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል። ዳገት ወጥቶ የሚያለከልከውን ፈረስ በዚያው ሰዓት ሰነፍ ነው ብሎ አይመልስም። እኛም አርባውን ፈረስ በዚህ ዓይነት እንፈልገው።

በመጀመሪያ ጉልበቱ የተለካበትን ቦታ እንጠይቅ። ፋብሪካው የመዘገበው 116 የተለካው ከሞተሩ ዘንግ ላይ ነው። የዴንቨሩ መሣሪያ ግን የሚለካው ከጎማው ላይ ነው። አውቶሞቢሉ የሚገፉትን ጎማዎች በከባድ በርሜሎች ላይ አሳርፎ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ መሣሪያውም በርሜሎቹ የሚፈጥኑበትን መጠን ይዞ ጉልበቱን ያሰላል። ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና የጎማው መጨፍለቅ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህ ድርሻ እንደ አውቶሞቢሉ ዓይነት ከመቶ 10 እስከ 20 ይገመታል። መካከለኛውን 15 ብንይዝ 17 ፈረስ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። ይህ በአዲሱም በአሮጌውም አውቶሞቢል ላይ ያለ ግብር ነው። 116 የነበረው 99 ሆነ።

ሁለተኛ፣ አየሩን እንጠይቅ። ሞተር የሚኖረው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ነዳጁን የሚያቃጥልለት አየር ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕሩን ዳር 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ለመለኪያቸው የሚይዙት ግፊት ከባሕር ጠለሉ ጥቂት ዝቅ ስለሚል 83 በመቶ ብንል ይቀርባል። እንግዲህ ከ99 ላይ ሌላ 17 ፈረስ አየሩ ወሰደ። 82 ቀረ።

ስለዚህ ይህች አውቶሞቢል ትናንት ከፋብሪካ ወጥታ በዚያው ቀን በዴንቨር ብትለካ ኖሮ የምታሳየው 116 ሳይሆን 82 ገደማ ነበር። አሁን ያሳየችው 76 ነው። ሞቱ የተባሉት አርባ ፈረሶች ሲቈጠሩ 17ቱ በካምቢዮና በዲፈረንሻል፣ 17ቱ በአየር ተገኙ፤ የእድሜ ወይም የብልሽት ተጠያቂ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው። 290,000 ኪሎ ሜትር ለሄደች አውቶሞቢል ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

የቀሩትን ስድስት ደግሞ ቁጥሩ ሳይሆን መስመሩ ይናገርባቸዋል። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ጉልበቱን ያሳያል፤ ሁለተኛው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለውን የአየር መጠን። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር ያስፈልጋል፤ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ግን ነዳጁ በርከት ብሎ ከ12 ተኩል እስከ 13 ባለው አካባቢ ቢሆን ይመርጣል። በወረቀቱ ላይ ድብልቁ እስከ 5,500 ዙር ድረስ ደኅና ሄዶ ከዚያ ወዲያ ወደ 14 ይወጣል፤ የጉልበቱም መስመር እዚያው ላይ ይጎብጣል። ይህ በላይኛው ዙር ላይ ነዳጅ የሚያንሰው ሞተር ምልክት ነው። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ቢሆን ድካሙ ከታች እስከ ላይ በታየ ነበር፤ ሰማያዊ ጭስም አይጠፋም። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ቢሆን ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አይከተለውም ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነዳጅ ማጣሪያው ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰው እቃ መሆኑ ነው!

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ወረቀት በጥጉ ላይ «ኤስ ኤ ኢ» ወይም «ኤስ ቲ ዲ» የሚል ፊደል ይታተምበታል፤ መሣሪያው የአየሩን ጉድለት ራሱ አስልቶ ጨምሮበታል ማለት ነው። በሁለተኛው ሥርዓት የወጣ ቁጥር ከመጀመሪያው በመቶ 4 ያህል ይበልጣል። እንደዚህ ባለ ወረቀት ላይ የአየሩን ሒሳብ ደግመን ብንሠራ ራሳችንን እናታልላለን። ተርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ ከፍታ እንደ ሌላው አይጎዳውም፤ የእርሱን ቁጥር እንደ ሌላው ማረም ያልነበረ ፈረስ መቍጠር ነው። የአጎትየው ወረቀት ግን «ያልታረመ» የሚል ስለ ነበረበት ሒሳባችን የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቆሰበር ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት የባሕሩን ዳር 73 በመቶ ያህል ነው። ያችው ሚያታ አዲስ ሆና እዚህ ብትለካ 73 ፈረስ፣ በአሁኑ ጤንነቷ 68 ፈረስ ገደማ ባሳየች ነበር። «ግማሽ ሞታለች» ባልናት! ከቻግኒ ወደ ቆሰበር የሚወጣ ሹፌር አውቶሞቢሉ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ዳገቱ ብቻ ያደርገዋል።

ነገሩ በስፖርት አውቶሞቢል ቢያበቃ ቀልድ በሆነ ነበር። ከጓደኞቻችን የአንዱ አባት በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ቤተ ሰብ ያስተዳድራሉ። ሚኒባሷ ደከመች ተብሎ አንድ መካኒክ በየሲሊንደሩ የእመቃ መለኪያ ሰካ። በመጽሐፉ 13 ባር የሚለው እዚህ በአራቱም ላይ 9 ተኩል ገደማ አሳየ። «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ተባለ። ሞተሩ ወረደ፤ ተፈታ፤ ፋሻው ደኅና ሆኖ ተገኘ። እመቃም ከውጭ በሚገባው አየር ልክ ነውና፣ በቆሰበር ከፍታ 13 የሚለው ወደ 9 ተኩል መውረዱ ጤንነት እንጂ በሽታ አልነበረም። አራቱ ሲሊንደሮች እኩል ማሳየታቸው ራሱ ምስክር ነበር፤ ምስክሩን ግን የሰማው የለም። ለእጅ ዋጋ የተከፈለውና መኪናዋ የቆመችበት ቀን አልተመለሰም። ጓደኛችንም በዚያ መንፈቅ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ ቀረበት።

ይህ አሁን ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። የክልከላውን ደግነትና ክፋት ዛሬ አንከራከርበትም። ነገር ግን በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉን ግልጽ ነው። ስለዚህ የደከመውን ከጤነኛው መለየት የምንችልበት እውቀት ያስፈልገናል።

«የመካኒክ ጆሮ ይበቃል» የሚሉ አሉ። የመካኒክን ጆሮ አንንቅም፤ ብዙ መኪና ያዳነ ጆሮ ነው። ግን ጆሮ የዛሬውን ይሰማል እንጂ የአምናውን አይመዘግብም። «በከተማችን እንዲህ ያለ መሣሪያ የት አለ?» የሚሉም አሉ። እኛም አላየንም። ነገር ግን ዳገት አለን፤ ሰዓትም አለን። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ቀጥታ ሲለካ 100 ሜትር ከፍ የሚያደርገውን መንገድ በ60 ሰከንድ ከወጣ፣ ለዳገቱ ብቻ 22 የፈረስ ጉልበት ያህል አውጥቷል። ውድድር አይደለም፤ ፍጥነትም አይጠይቅም። በአንድ ዳገት፣ በአንድ ጭነት፣ በአንድ ማርሽ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ በደብተር ይጻፍ። ከጥገና በኋላ በዚያው ዳገት ይደገም። የመጀመሪያ ልክ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ መኪናን ከፋብሪካ መጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሷ ጋር ለማስተያየት።

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የምሕንድስና ተማሪዎች ሒሳቡን ያቅርቡ፤ እኛ ቋንቋውን እናበጃለን። በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በአዊኛ፣ የቻግኒን 82፣ የባሕር ዳርን 80፣ የቆሰበርን 73 በመቶ የአየር ግፊት የያዘ፣ የእመቃ መለኪያ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳ ወረቀት አባዝተን ለየጋራዡ እንስጥ። የቀለሙና የወረቀቱ ወጪ ከአንድ ምሽት የሻይ ወጪያችን የሚበልጥ አይመስለንም። የተማርነውን ከግቢው አጥር አሻግረን ካላዋልነው ለመቼ ነው?

እኛ ራሳችንስ በቁጥር ተለክተን የመጣን አይደለንም? ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የተማረውና ሁሉ በተሟላለት የተማረው በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ሲወዳደሩ አይተናል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የት እንደ ተለካ ግን አልተናገረም። ያንን መጠየቅ የአንባቢው ሥራ ነው።

ይህን ስንጽፍ ከዴንቨር ሁለተኛው ወረቀት ደረሰ። አጎትየው የነዳጅ ማጣሪያውን ብቻ ለውጦ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ማርሽ፣ በተመሳሳይ የአየር ሁኔታ አስለክቷል። ቁጥሩ 80 ይላል። የቀሩትን ሁለት ፈረሶች ለእድሜዋ ትተንላታል።