የጋራ ንባብ የሸሸገው ልጅ

ልደታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ።

የተመደብኩት ሁለተኛ ክፍል ሲሆን 50 ልጆች ነበሩ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል። ድምፃቸው ግቢውን ሲያናውጠው «አሪፍ አስተማሪ ወጥቶኛል» አልኩ። አንድ ቀን ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚያነበውን ልጅ ጠርቼ ከገጹ መሐል አንድ ቃል በጣቴ አሳየሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ቲቸር፣ ከላይ ልጀምር?» አለኝ። ለካ ምንባቡን ሸምድዶታል እንጂ አያነበውም! ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የኔ ነው፤ ለብቻው ሲያነብ ሰምቼው አላውቅማ።

ጉዳዩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ የንባብ ምዘና ሲሰጣቸው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ታዲያ የጋራ ንባብ ይቅር? ኧረ አይቅር! በክፍሌ ስሟ ሲጠራ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነበረች፤ ድምጿ የሚሰማው ከጓደኞቿ ጋር ስታነብ ብቻ ነው። መጽሐፍ በማይዳረስበት ክፍልም አብሮ ማንበብ ትልቅ መላ ነው።

በልደታ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ታክሲ ሳዘግም የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። እዚያ ልጆች ሀ ሁን አብረው በዜማ ይቆጥራሉ። ሆኖም 231ዱን ፊደላት በዜማ የሸመደደ ልጅ በዚያ አያልፍም፤ «አ ቡ ጊ ዳ» ይመጣበታል። ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ ዜማው አያድነውም፣ ፊደሉን ራሱን መለየት አለበት። ከዚያም የኔታ ፊት ብቻውን ቀርቦ ያነባል። ሁለቱም በየቦታቸው ነበሩ ማለት ነው።

እኔም ክፍለ ጊዜውን ከፈልኩት። መጀመሪያ አብረን እናነባለን። በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሁሉም ለየራሱ በለሆሳስ ያነባል፤ መጽሐፍ ያጠራቸው ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ። እኔ ደግሞ በቀን አምስት ልጆች አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በ10 የትምህርት ቀን 50ውም ይዳረሳሉ።

ያ ልጅ ልምምዴን ሳልጨርስ ከገጽ መሐል አንዲት መስመር እየተደነቃቀፈም ቢሆን አነበበልኝ። ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ የክፍሉ ጩኸት አያታልላችሁ፤ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ስሙት። ቸር ይግጠመን።