ከሩቅ ስለ ማዘዝ

ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው የሚፈልገውን ነገር ነው፤ ሁለተኛውም ትእዛዙ ለተቀባዩ መድረሱን ነው። በመሥሪያ ቤት ይህን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ደብዳቤው ስለ ወጣ ብቻ፣ መልሱ ሳይመጣ፣ ነገሩ ተፈጸመ አንልም። በቤታችን ግን በየማታው ትእዛዝ የሚያወጣ፣ መልስ ግን ከቶ የማይቀበል አንድ ትንሽ መሣሪያ በእጃችን እንይዛለን። እርሱም ሪሞት ነው። ለዛሬው ጽሑፋችን ርእስ ያደረግነው ይህንኑ፣ ይልቁንም የብዙ መሣሪያዎችን ሥራ ጠቅልሎ የሚይዘውን ባለ ፕሮግራም ሪሞት ነው።

በዛሬ ጊዜ በብዙ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ብቻውን አይገኝም። በአጠገቡ የዲሽ ሪሲቨር አለ፤ ሆም ቴአትር የሚባለው የድምፅ ማጉያ ከነስፒከሮቹ አለ፤ ለልጆቹም ፕሌይስቴሽን አለ። እያንዳንዱም የራሱ ማዘዣ አለው። አንድ ፊልም ለማየት ቴሌቪዥኑን ማብራት፣ ማጉያውን ማብራት፣ የቴሌቪዥኑን መግቢያ መምረጥ፣ የማጉያውንም መግቢያ መምረጥ፣ በመጨረሻም ፊልሙን የሚያጫውተውን መሣሪያ ማስነሣት ያስፈልጋል። ሥራው አንድ በአንድ ሲታይ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው ግን ከቤተሰቡ መካከል አንድ ልጅ ብቻ ይሆናል። ልጁ ትምህርት ቤት በዋለ ጊዜ አያቱ ዜና ወይም ቅዳሴ ለማየት ቢፈልጉ፣ በጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት አራት ሪሞቶች የትኛውን እንደሚያነሡ አያውቁም። በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ክብር ጭምር ነው።

ከሩቅ የማዘዝ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1955 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር ዜኒት የተባለው ኩባንያ ፍላሽማቲክ የሚባል በብርሃን የሚሠራ ማዘዣ አወጣ። በቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘኖች ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ዐይኖች ነበሩ። ዐይኖቹ ግን የጌታቸውን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ለይተው ስለማያውቁ፣ ፀሐይ በመስኮት በገባች ጊዜ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያዘው ይታዘዝ ነበር። በሚከተለው ዓመት በ1956 ያው ኩባንያ፣ በቪየና የተወለደው ሮበርት አድለር በቀየሰው ዘዴ፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራ ሌላ ማዘዣ ለገበያ አቀረበ። ቁልፉ ሲጫን አንዲት ትንሽ መዶሻ የአልሙኒየም ዘንግ ትመታለች እንጂ ባትሪ ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1987 የአፕል ኩባንያ መሥራች ከሆኑት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ፣ ባቋቋመው ሌላ ድርጅት አማካይነት፣ የሌሎችን ሪሞቶች ምልክት ተቀብሎ በማስታወሻው የሚይዝ፣ ማለት የሚማር ሪሞት አወጣ።

ከዚህ ወገን በይበልጥ የታወቀው ሃርመኒ የተባለው ነው። ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ በ2004 ገዝቶ ለዓለም አዳረሰው። በ2021 መሥራቱን ማቆሙን አስታወቀ፤ ያስተማረው ሐሳብ ግን አልቀረም። ሐሳቡም ይህ ነው፤ ቁልፉ የመሣሪያ ስም መያዙን ትቶ የሥራ ስም ይይዛል። «ፊልም ማየት» የተባለው አንድ ቁልፍ ሲጫን ሪሞቱ ከላይ የዘረዘርናቸውን አምስቱን ትእዛዞች በየተራቸው ራሱ ያስተላልፋል። አያት ማወቅ ያለባቸው እንግዲህ የሚፈልጉትን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን በመጀመሪያ ያነሣነው ችግር ይመጣል። አብዛኛው ሪሞት የሚናገረው ኢንፍራሬድ በተባለ፣ ዐይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም እያለ ምልክቱን ያደርሳል። ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሕፃን በመካከል ቢያልፍና ከአምስቱ ትእዛዞች አንዱ ቢቀር፣ ሪሞቱ ሁሉም እንደ ተፈጸመ ቈጥሮ በማስታወሻው ይመዘግባል።

ጥፋቱን የሚያከፋው ደግሞ የብዙ ሪሞቶች ቀይ ቁልፍ «አብራ» ወይም «አጥፋ» የማይል መሆኑ ነው። የሚለው «የበራህ እንደ ሆንህ ጥፋ፤ የጠፋህ እንደ ሆንህ ብራ» ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ያልደረሰው ማጉያ ጠፍቶ ሳለ፣ በመጨረሻ «ሁሉን አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ማጉያው ግን ያን ጊዜ ይበራል። ሰው ይቈጣል፤ ደግሞ ይጫናል፤ አሁን ደግሞ ማጉያው ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይበራል። ሁለቱም የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ ያጠፋው ትእዛዙ ነው።

አማርኛ በሚማሩ አንባቢዎቻችን ዘንድ ይህ ነገር የሰዋስው ትምህርትም ይሆናል። በራ፣ አበራ፣ አስበራ፤ ጠፋ፣ አጠፋ፣ አስጠፋ የሚሉትን ያስተውሏል። መብራቱ ራሱ በራ፤ ሰውየው ተነሥቶ መብራቱን አበራ፤ ሌላው ተቀምጦ በልጁ እጅ መብራቱን አስበራ። ከትግርኛ ወደ አማርኛ ለሚመጣ ሰው «ኣብርህ» እና «ኣጥፍእ» የሚሉት ቃላት ከአማርኛው «አብራ» እና «አጥፋ» ጋር እኅትማማች ስለ ሆኑ አይከብዱትም። በሁለቱም ቋንቋ ማብራትና ማጥፋት ለየራሳቸው ቃል አላቸው። ለታላቅ ሰው ሲሆን «ያብሩ»፣ «ያጥፉ» እንላለን፤ ግን ሁለቱን ቀላቅለን «ያለህበትን ለውጥ» ብለን ለአሽከርም ለልጅም አናዝም፤ ምክንያቱም ሳያይ የሚያዝ ሰው እንዲህ ቢል ምን እንደሚያገኝ አያውቅም።

መድኀኒቱም ከዚሁ ቋንቋ ይገኛል። በብዙ ቴሌቪዥኖችና ማጉያዎች ውስጥ፣ ምንም እንኳ ከመሣሪያው ጋር በመጣው ሪሞት ላይ ቁልፍ ባይኖራቸው፣ «ብራ» ብቻ የሚልና «ጥፋ» ብቻ የሚል የተለያዩ ምልክቶች አሉ። ባለ ፕሮግራሙ ሪሞት እነዚህን እንዲይዝ ከተደረገ፣ የበራው ዳግመኛ «ብራ» ቢባል እንደ በራ ይኖራል፤ ስሕተቱም አይባዛም። ለመግቢያም እንዲሁ ነው፤ «ወደሚቀጥለው እለፍ» ከማለት «ኤችዲኤምአይ 2ን ያዝ» ማለት ይሻላል።

የጨዋታ መሣሪያው ግን የራሱ ጠባይ አለው። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ኢንፍራሬድ የሚቀበልበት ዐይን አልተሠራለትም፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ብሉቱዝ በተባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ተከታዮቹ የ2013ቱና የ2020ዎቹም ያው ናቸው። በአንጻሩ በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ኢንፍራሬድ ይቀበላል። ከዚህ የተነሣ ባለ ፕሌይስቴሽኖች ሪሞታቸውን ቢያነጣጥሩ፣ ቢያነጣጥሩ ምንም አላገኙም። ሎጂቴክም በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 አንዲት ትንሽ ሣጥን ሠራ፤ እርስዋም ኢንፍራሬዱን ተቀብላ በብሉቱዝ ታስተላልፋለች። አስተርጓሚ ናት ማለት ነው። ቋንቋ የሚማር ባለሥልጣን የአስተርጓሚን ጥቅም አይስተውም፤ ሁለቱም ወገን ደኅና ይናገሩ ነበር፤ የጎደለው መካከለኛ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የሚከተለው ነው። ልጁ ፕሌይስቴሽን እየተጫወተ ሳለ አባት «ዜና» የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ፣ ሃርመኒን የመሰለ ሪሞት ለዜና የማያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ራሱ ያጠፋል፤ ልማዱ ነው። አባት ቴሌቪዥኑን የወሰዱ ይመስላቸዋል እንጂ የልጁን የሁለት ሰዓት ድካም ሳያስቀምጠው እንዳጠፉበት አያውቁም። ልጁ ቢያለቅስ ስለ ዜናው ያለቀሰ ይመስላቸዋል፤ ይቈጡታልም። ሪሞቱን በሚያሰናዱበት ጊዜ «ፕሌይስቴሽኑ እንደ በራ ይቆይ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አባት ዜናቸውን ያያሉ፤ ልጁም ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ብዙዎችን በአንድ ቃል የሚያንቀሳቅስ ሰው ቃሉ ማንን እንደሚነካ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህ ለአባትም ለሹምም እኩል ነው።

መብራት የሄደና የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ግርግር ይነሣል። አንዳንዱ መሣሪያ ጠፍቶ ይቀራል፤ አንዳንዱ ራሱ ይበራል፤ ሪሞቱ ግን በባትሪ ድንጋይ ስለሚኖር የሆነውን አልሰማም። ስለዚህ መብራት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ «ሁሉን አጥፋ» ማለትና ነገሩን ከመጀመሪያው መጀመር መልካም ነው፤ ምልክቶቹ እንደ ተናገርነው የተለዩ ከሆኑ አደጋ የለውም።

ሪሞቱን ለሚያሰናዳው ልጅ ወይም ጎረምሳ እንግዲህ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ቁልፎቹ ከአራት አይብለጡ፤ «ዜና»፣ «ፊልም»፣ «ጨዋታ»፣ «ሁሉን አጥፋ» ይበቃሉ። ስማቸው በአማርኛ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ትእዛዙ ተላልፎ እስኪያልቅ ድረስ ሪሞቱ ከመሣሪያዎቹ ፊት እንዳይዞር ይነገር። የቀድሞዎቹ ሪሞቶች አይጣሉ፤ በመሳቢያ ይቀመጡ። ባትሪ ድንጋዩ ያለቀ መሆኑን ለማወቅ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ በብዙ ስልኮች ካሜራ የሪሞቱን ጫፍ እያዩ ቁልፉን ቢጫኑ ለዐይን የማይታየው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ይታያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰናዳው ሪሞት በመጀመሪያ በአያት እጅ ይፈተን። ልጁ «እማማ፣ ይህችን ይጫኑ» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ካሳያቸው በኋላ፣ እርሱ በሌለበት ዜናውን ማየት ከቻሉ ሥራው ተፈጽሟል፤ ካልቻሉ ግን እንደ ገና ይሠራ።