«ይቅርብኝ» ማለት ንቀት አይደለም

የሰው መልኩና ጠባዩ የተለያየ እንደ ሆነ ሁሉ ሆዱም የተለያየ ነው። አንዱ በልቶ የሚጠግብበትን ሌላው ቀምሶ ይታመምበታል። ይህ ነገር ሁሉም የሚያውቀው ሲሆን፣ ገበታ ቀርቦ እጅ ከታጠቡ በኋላ ግን ይዘነጋል። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ምግብ የማይስማማው ሰው በላስታ ምድር ምን መርጦ መብላት እንደሚችል፣ እኛም እንዴት ልንረዳው እንደሚገባን በመጽሔታችን ላይ ጥቂት ልጽፍ እወዳለሁ።

ነገሩን ከሰው የሰማሁት አይደለም። ስንዴና ገብስ ሆዴን ይነፋኛል፤ ወተት ያስቀምጠኛል፤ ባቄላ ስበላ ደግሞ ከንፈሬ ያብጣል። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስለምማር የምበላው ከቤት የሚላክልኝን ስንቅ ነው። የላስታ ተማሪ ስንቅ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ሽሮ ነው። እንግዲህ ከነዚህ ከአራቱ የትኛውን ልብላ?

በመጀመሪያ ሕመሞቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወተት የማይስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሆዱ መፍጨት ስለሚያቅተው ነው፤ ይነፋዋል፣ ይቈርጠዋል እንጂ አይገድለውም፤ እርጎ ሲሆን ደግሞ ይሻለዋል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር ግን የአንዳንዱን ሰው አንጀት ቀስ በቀስ ይጎዳል። ከሁሉም የሚያስፈራው ሰውነት ምግቡን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው ነው። ይህ አለርጂ የሚባለው ሲሆን፣ በጥቂት ቅምሻ ፊት ሊያብጥና ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ወተት ይታለፋል፤ የሚያሳብጥ ምግብ ግን በጥቂቱም አይቀመስም።

ችግሩ ጠላት የሆነው ምግብ ተደብቆ መምጣቱ ነው። ሽሮ አንድ እህል አይደለም፤ ባቄላም፣ አተርም፣ ሽምብራም፣ አንዳንድ ጊዜ ጓያም ይገባበታል። በርበሬው ውስጥ ያለው አብሽ ራሱ ከጥራጥሬ ወገን ነው። እንጀራውም ጤፍ ይምሰል እንጂ ገብስ ተቀይጦበት ይሆናል። ምጣዱ የሚሰሸው በጎመን ዘር ነው፤ ጎመን ዘርም የሰናፍጭ ዘመድ ስለ ሆነ የማይስማማው ሰው አለ። ንጹሕ ጤፍ እንኳ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ሲያልፍ የስንዴ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ጠላውም ከገብስ ብቅል የተጠመቀ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚባለው ተረት ለእኔ ብጤው በሌላ ትርጉሙም እውነት ነው።

ጾምና ፍስክም ለሁሉ እኩል አይደሉም። ወተት የማይስማማው ሰው በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ያለ ሥጋት ይበላል። ጥራጥሬ የማይስማማው ግን በነዚያው ቀኖች በየቤቱ ሽሮና ክክ ሲቀርብለት ይጨነቃል፤ የሚተርፈው ጎመን፣ ድንች፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ዝክር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሽሮ ወጥ ቀረበና «ይቅርብኝ» አልሁ። የቤቱ እናት፣ «ምነው ልጄ፣ እጄን ተጸየፍኸው? በሞቴ ይቺን ብቻ!» ብለው ጐረሱኝ። አፍሬ ዋጥሁት። ብዙም ሳይቈይ ዓይኔ አበጠ፤ ደረቴ ይፏጭ ዠመር። በሰው ትከሻ ተይዤ ጤና ጣቢያ ደረስሁና መርፌ ተወግቼ ዳንሁ። እኒያ እናት ማታ መጥተው፣ «ብትነግረኝ ኖሮ መቼ እሰጥህ ነበር፣ ልጄ?» እያሉ አለቀሱ። እውነታቸውን ነው። እኔ «ይቅርብኝ» አልሁ እንጂ ለምን እንደ ሆነ አልተናገርሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ይህ የጥጋበኛ በሽታ ነው፤ የራበው ሰው አይመርጥም» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን ምግብ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ጓያ በድርቅ ሌላው እህል ሲጠፋ ይበቅላል፤ ለወራት እርሱን ምግቡ ያደረገ ሰው ግን እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጎረቤቶቻችን በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ጓያ አብዝቶ የበላውን ማንኛውንም ሰው ሊጎዳ ሲችል፣ የእኛ ሕመም አንዱን ለይቶ መጉዳቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። ደግሞም የሚመርጠው የሌለው ድኻ ከሀብታሙ ይልቅ ይቸገራል። የዕርዳታ እህል አብዛኛውን ጊዜ ስንዴና ክክ ነው፤ ሁለቱም የማይስማሙት ሰው ወደ ገበያ ወስዶ በማሽላ መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

በሌላም አገር ነገሩ ቀላል ሆኖ አልታየም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 አንዲት የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጃገረድ በዳቦ ሊጥ ውስጥ የገባ ሰሊጥ በልታ ሞተች፤ በማሸጊያው ላይ ሰሊጥ መኖሩ አልተጻፈም ነበር። ከዚህም የተነሣ በዚያ አገር ከጥቅምት 2021 ዠምሮ ሱቅ ውስጥ ተሠርቶ እዚያው ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ሁሉ በውስጡ ያለው ነገር እንዲጻፍበት ሕግ ወጣ። የእኛ ቤት ወጥ ግን ማሸጊያ የለውም፤ በውስጡ ያለውን የምትነግረን የሠራችው እናት ብቻ ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የታመመው ሰው የበላውንና የተሰማውን በደብተር ይጻፍ። የጠረጠረውን ምግብ ሐኪም አማክሮ ለጥቂት ሳምንታት ይተውና አንድ በአንድ ይመልስ፤ ያበጠበትንና ትንፋሽ ያሳጠረውን ግን በራሱ ፈቃድ አይሞክር። ስንዴን ከመተው በፊት ይመርመር፤ ከተወ በኋላ ምርመራው ላያሳይ ይችላልና። በፍርሃት ሁሉንም ትቶ እንዳይከሳም ይጠንቀቅ፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ድንች የስንዴው ግሉተን የለባቸውም። ውጭ አገር ያሉ ሕመምተኞች ጤፍን በውድ ዋጋ ይገዙታል፤ እኛ ዘንድ የደጃችን እህል ነው። ወፍጮ ቤትም ጤፉን ከሌላ ሰው ጤፍ ቀጥሎ ያስፈጭ። አባቶቻችን መንገድ ሲወጡ አገልግል ይዘው ይሄዱ ነበር፤ እርሱም ግብዣ ሲሄድ የራሱን ምግብ መያዝ አይፈር።

ጋባዡ ደግሞ «ብላ» ከማለቱ በፊት «የማይስማማህ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የላሊበላ ሰው በልደት በዓል ከሩቅ የመጣውን መንገደኛ እግሩን አጥቦ ያስተናግዳል። የማያውቀውን ሰው እግር ለማጠብ ያላፈረ ሕዝብ አንዲት ቃል መጠየቅ አይከብደውም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል የማይስማማው ነገር ያለበት ሰው ዛሬውኑ ለጓደኛውና ለአከራዩ ይንገር፤ የሰማም አይሳቅበት። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ፍቅር ከሆነም የጐራሹን ጤና ያስቀድም።