የአባቴ ሳንቃ

አባቴ ለዓመታት ያስቀመጠልኝን የዋንዛ ሳንቃ የልጄን አልጋ ልሠራበት በጓደኛዬ መላጊያ ማሽን አሳለፍኩት። ቀጥኖ ወጣ፤ መጣመሙ ግን አልለቀቀውም። ለካስ ሮለሮቹ ሳንቃውን ተጭነው ያሳልፉታል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይጣመማል። ማሽኑ ውፍረት ያስተካክላል እንጂ ጠማማ አያቀናም። አስቀድሜ አንዱን ፊት በእጅ መላጊያ ማቅናት ነበረብኝ።

ለቤታችሁ ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ልንገራችሁ፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት አያጓጓችሁ። የሚያስገባውን ስፋት ጠይቁ፤ ለቤት ሥራ 33 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መለዋወጫ ቢላዋው እዚህ መገኘቱን አረጋግጡ። ዘመድ ከአሜሪካ ልላክላችሁ ካለ ደግሞ ቮልቱን እዩ፤ የእነሱ 120፣ የእኛ 220 ነው።

የአባቴ ሳንቃ ለአልጋ ሳስቶ መደርደሪያ ሆነ። የእናንተ እንዳይሳሳ መጀመሪያ አቅኑት።