ዘር በፍሪጅ ብቻ አይድንም

«የድሮ በቆሎ ለሙዚየም ነው፤ ሕዝብ የሚጠግበው በምርጥ ዘር ነው» የሚሉ ሞልተዋል። ግማሹ እውነት ነው። ዲቃላ ዘር ምርት ጨምሯል፣ ብዙ አፍም አጉርሷል። አደጋው ያለው በቀረው ግማሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ የበቆሎ ማሳ በአብዛኛው በእናቱ በኩል አንድ ዓይነት ነበር። ለዚያ ዓይነት የተመቸው ቅጠል አድራቂ ፈንገስ መጣና ከአገሪቱ ምርት 15 በመቶ ያህሉን በላ። አንዱን የገደለ ሁሉንም ገደለ።

የበቆሎ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ገበሬዎች ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር አላመዱት። በ1970ዎቹ በሃሊስኮ ተራሮች ሳይንስ የማያውቀው ቴኦሲንቴ ተገኘ፤ ሳይዘራ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጥ፣ በርካታ የበቆሎ ቫይረሶችን የሚቋቋም፣ ከበቆሎም ጋር የሚዳቀል። ለሳይንስ አዲስ ይሁን እንጂ የአካባቢው ገበሬ ያውቀው ነበር። የቆየውም በእሱ ማሳና ግጦሽ መሐል ነው።

«ጂን ባንክ አለ አይደል?» ይባላል። አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኢትዮጵያውም ውለታው ብዙ ነው። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር አዲስ ተባይ አያይም፣ ድርቅም አይፈትነውም። በየዓመቱ የሚፈተነው የተዘራው ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቆሎ በምርት መጠን የአገሪቱ ቀዳሚ እህል ሆኗል፤ የዱር ዘመዱ ግን እዚህ አይበቅልም። የሜክሲኮ መንደርተኛ ቴኦሲንቴውን ነቅሎ ቢጨርስ የባኮ ገበሬም ይጎዳል። ተገላቢጦሹም ታይቷል፦ የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጭ ቫይረስ ያዳነው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገበሬ ገብስ ነው።

እንግዲያው ከምድጃ በላይ ለዘር የተሰቀለውን በቆሎ የኋላቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት ይብቃ። ናፍቆት ብቻውንም ዘር አያድንም። በቆሎ በነፋስ ስለሚዳቀል የጎረቤት ዲቃላ ይደባለቅበታል፤ ከጥቂት ተክል ብቻ ዘር ሲወሰድም እያደር ይደክማል። ስለዚህ አንድ ጓሮ አይበቃም። ጎረቤታሞች የሚዘሩበትን ጊዜ ከዲቃላው ለይተው፣ ዘሩን ከመቶ ከማያንሱ ተክሎች ሊመርጡ ይገባል።

ለዚህ ድካም ማን ይከፍላል? ምርጥ ዘር የሚያሰራጨው ቢሮ በጀትም ባለሙያም መኪናም አለው። የአባቱን ዘር የሚያቆየው ገበሬ የሚደርሰው በስብሰባ ላይ ጭብጨባ ነው። በጭብጨባ ማዳበሪያ አይገዛም።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2025 ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ እንዳይዘራ በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች። መልካም ነው። ሕግ ግን አያርስም። የሚዘራው ሰው የከሰረ ቀን ሕጉ የሚጠብቀው ዘር አይኖርም።